ሙቀት መለኪያው የት ይቀመጥ?



በዚህ የትምህርት ዘመን ከወላጆች ጋር በተቀመጥንባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ከፈተና ውጤትና ከትምህርት ክፍያ ቀጥሎ ደጋግሞ የተነሣው ጉዳይ የቴክኒክ ክበባችን መኪና ነው። አንድ ወላጅ ለትምህርት ቤታችን በለገሱን አሮጌ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ላይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያለ ቱርቦ የሚሠራውን 1.5 ሊትር ሞተር አውርደው፣ በምትኩ ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ባለ ቱርቦ 2 ሊትር ሞተር ለመግጠም ሥራ ጀምረዋል። ከወላጆች ገሚሱ «ልጆቻችንን የላክናቸው መካኒክ እንዲሆኑ አይደለም» ይላሉ። ገሚሱ ደግሞ «ቅዳሜያቸውን በቁም ነገር እያሳለፉ ነው፤ ተዉአቸው» ይላሉ። መምህራኑም ከዚህ የተለየን አይደለንም፤ ሐሳባችን ተከፍሏል። ሥራው ይቀጥል ወይስ መኪናው ይሸጥ የሚለውን የወላጅ ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ይወስናል።

እኛ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይቀጥል ከሚሉት ወገን ነን። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለን። ቅድመ ሁኔታውም ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ ዕቃ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር። ይህ ሴንሰር ተገቢ ቦታውን ሳይዝና እውነቱን መናገሩ ሳይረጋገጥ ቱርቦው ሥራ አይጀምርም፤ መኪናውም ከግቢያችን በር አይወጣም። «ይህን ያህል ትልቅ ሥራ ተይዞ ስለ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለእርሱ ነው።

ቱርቦው ከየት መጣ?

ናይሮቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ሱባሩ ቢወድ አይፈረድበትም። የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የዚህ አገር ሕዝብ መዝናኛ ነው። በዚህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሊን ማክሬ፣ በ2000 ደግሞ ሪቻርድ በርንስ በሱባሩ ኢምፕሬዛ አሸንፈዋል። ኬንያዊው ፓትሪክ ንጂሩም በ1990ዎቹ ሱባሩ እየነዳ ስሙን አስጠርቷል። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ ናይቫሻ ላይ ሲካሄድ ልጆቻችን በስልካቸው ሲከታተሉት አይተናል። በዚያ ላይ ኪሪኛጋ ጎዳና ወርዶ የመኪና ዕቃ ያልጠየቀ የናይሮቢ ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ ብንከለክልም ልጆቹ ሞተር መቀየር ይማራሉ። ጥያቄው ከማን ይማሩ፣ እንዴትስ ይማሩ የሚለው ብቻ ነው።

ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው፤ በፀሐይ ሥር ሆነው ብረት የሚቀጠቅጡና መኪና የሚጠግኑ ባለ እጆች የሚጠሩበት ስም ነው። ከእነዚህ ፉንዲዎች መካከል እጃቸው ወርቅ የሆነ ብዙ አሉ፤ ክበባችንም ከእነርሱ ብዙ ተምሯል። ችግሩ ያለው ከችኮላው ላይ ነው። ሞተሩ ይገጠማል፣ ይነሣል፣ ድምፁ ያምራል፣ ገንዘብ ይከፈላል። መለኪያዎቹ ግን «በኋላ ይስተካከላሉ» እየተባሉ ባገኙት ቦታ ይንጠለጠላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የሚፈታውም መኪናው በሞምባሳ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሮጥ ነው።

አየሩ ለምን ይሞቃል?

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ልጅ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ቱርቦም እንዲሁ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን ተርባይን ያዞራል፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ሌላው ጎማ ንጹሕ አየር ስቦ ይጨምቃል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል።

ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሠሩትን ሒሳብ እዚህ እናካፍላችሁ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። የውጪው አየር 25 ዲግሪ ነው እንበል። ቱርቦው ግፊቱን ወደ እጥፍ፣ ማለትም ወደ 164 ኪሎ ፓስካል ቢያደርሰውና ብቃቱ 70 በመቶ ቢሆን፣ አየሩ ከቱርቦው የሚወጣው 118 ዲግሪ ያህል ሞቆ ነው። ሻይ ከሚፈላበት በላይ ማለት ነው። ይህ አየር እንደ ራዲያተር ባለ፣ ኢንተርኩለር በሚባል ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ወደ 45 ዲግሪ ቢወርድ፣ ግፊቱ ብዙ ሳይቀንስ ጥግግቱ በ23 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለዚህ ነው የቀዘቀዘ አየር ለሞተር ምግብ ነው የሚባለው።

አንዳንድ ልጆች «ናይሮቢ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሙቀት አያሳስበንም፤ የሚያሳስበው ሞምባሳ ነው» ብለው ተከራክረው ነበር። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር አሳያቸው። ሞምባሳ ላይ የውጪው አየር 32 ዲግሪ ቢሆን እንኳ፣ ግፊቱ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ቱርቦው ወደዚያው 164 ለመድረስ ያን ያህል አይደክምም። ስለዚህ አየሩ የሚወጣው 97 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው። የናይሮቢ አየር ሳሳ ያለ በመሆኑ ቱርቦው ይበልጥ መጭመቅ አለበት፤ ስለዚህም ይበልጥ ያሞቀዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከናይሮቢም ከፍ ትላለች። በክረምት ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ልጆቻችን ይህን ለአጎቶቻቸው ቢያስረዱ ብዙ ደጋፊ ሳያገኙ አይቀሩም።

ኮምፒውተሩ የሚያምነው ማንን ነው?

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ቱርቦው በኃይል በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ሞተሩ እንዳይግል ቤንዚኑ ከዚህ ትንሽ በዛ ይደረጋል። ይህን በየቅጽበቱ የሚያሰላው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ አየሩን በሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት አይችልም። ስለዚህ ከሁለት መንገድ አንዱን ይከተላል።

አንደኛው መንገድ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ በተገጠመ መለኪያ የሚገባውን የአየር መጠን በቀጥታ መለካት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች የሙቀት ሴንሰሩንም እዚያው፣ በዚያው ዕቃ ውስጥ አብረው ያስቀምጡታል። ሁለተኛው መንገድ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊትና የአየሩን ሙቀት ወስዶ የአየሩን መጠን በስሌት ማግኘት ነው። የክበባችን ሞተር ከነሙሉ ሽቦው ስላልመጣ ልጆቹ የመረጡት ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተርና ሁለተኛውን መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ኮምፒውተሩ ሁለት ዓይን ብቻ አለው፤ አንዱ ግፊት፣ ሌላው ሙቀት። አንዱ ዓይን ሌላ አቅጣጫ ካየ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ሁሉ ስሕተት ይሆናል፤ ስሕተት መሆኑን ግን አያውቅም። የተሰጠውን ቁጥር አምኖ ይሠራል።

እንግዲህ የክርክሩ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሩ የት ይቀመጥ?

ሦስት ሐሳቦች በልጆቹ መካከል ተነሥተዋል። የመጀመሪያው «ፋብሪካው ከአየር ፊልትሮው ጎን አድርጎታል፤ ፋብሪካ ከእኛ ይበልጣል፤ እዚያው ይሁን» የሚል ነው። ይህ ለፋብሪካው ኮምፒውተር ትክክል ነው፤ የፋብሪካውን መለኪያና ኮምፒውተር እንዳለ ለሚያስቀር ሰውም ቦታውን አለመንካት ይሻላል። የእኛ ኮምፒውተር ግን የሚያሰላው በማኒፎልዱ ግፊት ነው። ከቱርቦው በፊት ያለ ሴንሰር 25 ዲግሪ ይላል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግን 45 ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ኮምፒውተሩ አየሩን ወደ 7 በመቶ ያህል አብዝቶ ይገምታል፤ ቤንዚንም ያለአግባብ ያበዛል። የባሰው ሌላ ነው። ኢንተርኩለሩ በሙቀት ተጨናንቆ አየሩ 70 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ያ ሴንሰር አሁንም 25 ይላል። ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ወደ ኋላ መመለስ ሲገባው አይመልስም። ያን ጊዜ እሳቱ ተራውን ጠብቆ ሳይደርስ ጥግ ላይ ያለው ቅልቅል በራሱ ይፈነዳል፤ መካኒኮች ሞተሩ አንኳኳ የሚሉት ይህን ነው። ደጋግሞ ካንኳኳ ፒስተን ይበሳል።

ሁለተኛው ሐሳብ «ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር የሚታወቀው ማኒፎልዱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ብንተክለው ከሁሉ የበለጠ እውነት ነው» የሚል ነው። ይህን ያሉት ልጆች ሐሳባቸው ጥሩ ነው፤ መለኪያውን ወደሚፈለገው ነገር ማቅረብ ትክክለኛ መርሕ ነው። ነገር ግን ማኒፎልዱ ከሞተሩ ጋር በብሎን የታሰረ ብረት ነው። ትራፊክ ሲቆም ሞተሩ ያሞቀዋል፤ ሴንሰሩም የአየሩን ሳይሆን የብረቱን ሙቀት ይናገራል። አየሩ 45 ሆኖ ሴንሰሩ 65 ቢል ኮምፒውተሩ አየሩን በ6 በመቶ ያህል አሳንሶ ይገምታል። ቤንዚን ይቀንሳል። በቱርቦ ግፊት ሥር ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ደግሞ ይግላል። እሳቱን ወደ ኋላ በመመለሱ ጉልበቱም ይወድቃል። ልጆቹ ጉልበቱ ሲወድቅ «ቱርቦው ደክሟል» ብለው ሌላ ቱርቦ ሊገዙ ይችላሉ፤ የደከመው ግን ቱርቦው ሳይሆን የሴንሰሩ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ፣ እኛም የደገፍነው፣ ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ከትሮትሉ በፊት ባለው ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ ይሁን የሚል ነው። አየሩ ሥራውን ሁሉ ጨርሶ፣ ተጨምቆም ቀዝቅዞም ወደ ሞተሩ ሊገባ የተዘጋጀው እዚያ ነው። ከዚያም በላይ ቧንቧው ከሞተሩ ብረት ራቅ ስለሚል ሙቀቱን አይወርስም።

ሱባሩ ላይ ይህ አንድ ችግር ያመጣል። ፋብሪካው ኢንተርኩለሩን ከሞተሩ አናት ላይ፣ ከኮፈኑ ቀዳዳ ሥር ስለሚያስቀምጠው ከኢንተርኩለሩ እስከ ትሮትሉ ያለው ርቀት አጭር የጎማ ማያያዣ ብቻ ነው። ኢንተርኩለሩ ራሱም መኪናው ሲቆም ከሥሩ በሚወጣው ሙቀት ይጋገራል። ክበቡ ስለዚህ ኢንተርኩለሩን ከፊተኛው ባምፐር ጀርባ ለማድረግ ወስኗል። ከዚያ ወደ ትሮትሉ የሚመለሰው ረዥም ቧንቧ ለሴንሰሩ ተስማሚ ቦታ ይሰጣል። ቧንቧው ስለረዘመ ቱርቦው ምላሽ ለመስጠት በጥቂቱ ይዘገያል። ለመማሪያ መኪና ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው ብለን ተቀብለነዋል።

እንዴት ይገጠም? እንዴትስ ይፈተን?

ቦታውን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የእጅ ጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህ ክበቡ የተስማማባቸውን ነጥቦች ለሚመጡት ተማሪዎች እዚህ አስፍረናቸዋል።

ቧንቧው የሚበሳው ከመኪናው ላይ ወርዶ ነው። መኪናው ላይ እንዳለ ከተበሳ የአሉሚኒየሙ ብናኝ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ሞተሩን የሚፈጀውም ቱርቦው ሳይሆን ብናኙ ይሆናል። ከተበሳ በኋላ ቧንቧው ይታጠባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ሌላ ተማሪ ደግሞ አይቶ ይፈርማል።

የሴንሰሩ ጫፍ ከቧንቧው ግድግዳ ተሻግሮ አየሩ ወደሚፈስበት መሐል መድረስ አለበት። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ሴንሰር የቧንቧውን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይናገርም። ጫፉ ክፍት የሆነውና አየሩ በቀጥታ የሚነካው ዓይነት ይመረጣል። በነሐስ የተሸፈነው ዓይነት ለውኃ ይስማማል፤ ለአየር ግን ዘገምተኛ ነው፤ የአሁኑን ሲጠይቁት ከደቂቃ በፊት የነበረውን ይመልሳል። ሴንሰሩ በጥርስ ወይም በጠንካራ ማሰሪያ መያዝ አለበት፤ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ የቱርቦው ግፊት ተኩሶ ያወጣዋል። ሽቦዎቹም ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ርቀው ይታሰራሉ።

ሴንሰሩ ከመገጠሙ በፊት በላቦራቶሪ ይፈተናል። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ የጃፓን ሴንሰሮች በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያሉ። ውኃ በማሞቅ፣ ቴርሞሜትር በመንከርና በመልቲሜትር በማንበብ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ሰንጠረዡን ሊያወጣ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ማያያዣው ብቻ ውኃ እንዳይነካው ይጠበቃል። ያ ሰንጠረዥ ከኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ጋር ካልተመሳሰለ ሴንሰሩ ጥሩ ቦታ ላይ ቢቀመጥም የሚያወራው በሌላ ቋንቋ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይሰማዋል እንጂ አይገባውም።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር፣ ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የአየሩ ሴንሰር፣ የሞተሩ ውኃ ሴንሰርና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ተመሳሳይ ቁጥር መናገር አለባቸው። አንዱ ከተለየ አንዱ ይዋሻል። ሁለተኛው ፈተና ሞተሩ ሞቆ በቆመበት የሚደረግ ነው። በትራፊክ እንደቆመ መኪና አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ከዚያ በትልቅ ማራገቢያ ኢንተርኩለሩና ቧንቧው ላይ ነፋስ ይለቀቅበታል። ቁጥሩ ቶሎ ከወረደ ሴንሰሩ አየሩን እያየ ነው። ተጣብቆ ከቆየ የሚያየው ብረቱን ነውና ቦታው እንደገና ይታሰባል።

ይህ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም በአማርኛ ነው። ይህን ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ልጆቻችን በግቢ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ በቤት ደግሞ ግማሽ አማርኛ ይናገራሉ። መዝገቡን መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ ግን ከአባቶቻቸውና ከአጎቶቻቸው ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ኮፈን የሚሉትን ቃላት እየለቀሙ መጥተዋል። ብዙዎቹ ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዣችን የገቡ ናቸው፤ ዛሬ ግን የእኛው ናቸው። ልጁ ቃሉን ፍለጋ ወደ አባቱ ሄዶ መጠየቁ ለእኛ ከሰዋስው ፈተና የማይተናነስ ትምህርት ነው።

ከጋራዡ ወደ ክፍላችን

የትምህርት ሰዎች ነንና ነገሩን ጋራዥ ውስጥ ትተነው ልንሄድ አልቻልንም። እኛም በየዓመቱ ልጆች እንለካለን። መለኪያችን ግን ሁልጊዜ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው?

በአማርኛ ፈተና 90 ያመጣ ልጅ አዲስ አበባ ካሉት አያቱ ጋር በስልክ አምስት ደቂቃ መነጋገር ካቃተው፣ የለካነው ከቱርቦው በፊት ነው። ትምህርቱ ሲገባ አይተናል፤ በሕይወት ግፊት ሥር ምን እንደሆነ ግን አላየንም። በሌላ በኩል ደግሞ በማታቱ ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ቁርስ ሳይበላ ፈተና ላይ የተቀመጠን ልጅ «ደካማ ነው» ብንል፣ የለካነው የጋለውን ብረት ነው፤ ልጁን አይደለም። ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በአማርኛ ትምህርት የቃል ንግግርን ከጽሑፉ እኩል ለመመዘን፣ የጠዋት ፈተናዎችንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ዘግይቶ ለመጀመር ለመምህራን ጉባኤ ሐሳብ አቅርበናል። ይህን ሐሳብ የሰጠን የትምህርት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ክበቡ በሴንሰር ላይ ያደረገው ክርክርም ጭምር ነው።

ለተቃዋሚዎቻችን

ሥራው ይቁም የሚሉ ወላጆች የሚያነሡትን እናከብራለን። የመጀመሪያው ሥጋታቸው ክብር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ነጥብ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ የነበረበትን ጊዜ ያዩ ወላጆች «ቴክኒክ» የሚለው ቃል እንደ ውድቀት ቢሰማቸው አይደንቅም። ከዚያ በፊት ግን ተግባረ ዕድ ገባ የተባለ ልጅ ሰፈሩ የሚኮራበት ዘመን እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ደግሞም እዚህ ላይ የጻፍነውን ተመልከቱ፤ የጋዝ ሕግ፣ ፐርሰንት፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ሰንጠረዥ፣ መዝገብ። ይህ ከዩኒቨርሲቲ የሚያርቅ አይደለም፤ ኢንጂነሪንግ የሚገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ነው። ሌላው ቀርቶ ሐኪም የሚሆነውም ቢሆን ቴርሞሜትሩን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ሥጋታቸው አደጋ ነው። ይህኛው ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ በቀልድም አናልፈውም። ጉልበት የተጨመረለት መኪና ፍሬኑና ጎማው ካልተጨመረለት ገዳይ ነው። ስለዚህ መኪናው በሕዝብ መንገድ ላይ በተማሪ አይነዳም። ፍሬኑ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይቀየራል። የቱርቦው ግፊት በዝቅተኛ ተጀምሮ የሚጨመረው የሙቀት መዝገቡ ታይቶ ብቻ ነው፤ ፊርማውም የክበቡ ኃላፊ መምህርና የርእሰ መምህሩ ነው። ይህን ያልተቀበለ ተማሪ የክበቡ አባል ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን ሥጋቱ ራሱ ለመቀጠል ምክንያት እንደሚሆን አስተውሉ። መኪናውን ብንሸጠው የልጆቹ ፍላጎት አብሮ አይሸጥም። ትምህርት ጨርሰው፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ይዘው፣ ሴንሰሩ ባገኘው ቦታ የተንጠለጠለ መኪና ይገዛሉ። ያን ጊዜ ከጎናቸው ቆሞ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር የለም። ዛሬ ግን አለ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል እንዲሉ፣ በዚህ ዕድሜ የያዙት ልማድ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ አብሯቸው ይሄዳል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። እስካሁን ያለው ወጪ በክበቡ አባላት መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ስጦታ የተሸፈነ ነው፤ ከትምህርት ክፍያ አንድም ሽልንግ አልተነካም፤ ወደፊትም አይነካም። ሴንሰሩ ራሱ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ውድ የሚሆነው ቦታውን የሳተ ጊዜ ነው።

ለተማሪዎቻችን

እናንተ የክበቡ አባላት ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ ስለ አንድ ሴንሰር ቦታ ሦስት ሳምንት መከራከራችሁን ከዚህ ዓመት ሥራችሁ ሁሉ አስበልጠን እናየዋለን። ከእናንተ መካከል ሐሳቡ ያልተመረጠለት ልጅ ተሸነፍሁ አይበል፤ የማኒፎልዱ ሐሳብ ባይነሣ ኖሮ ስለ ብረት ሙቀት አንነጋገርም ነበር። በሕይወታችሁ ብዙ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ የደመወዝ፣ የውጤት፣ የምርጫ፣ የገበያ። ቁጥሩን ከማመናችሁ ወይም ከመናቃችሁ በፊት መለኪያው የት ተቀምጦ እንደነበር ጠይቁ።

ወላጆች ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢያችን እንድትመጡ እንጠይቃለን። ልጆቻችሁ ሞተሩ ሳይነሣ ሦስቱን ቁጥሮች እያነበቡ ያሳዩአችኋል። ሦስቱ ከተስማሙ ሥራው ይቀጥል በሉን። ካልተስማሙም ልጆቻችሁ ራሳቸው «ዛሬ አይነሣም» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።